የዘፈኑን ጸደይ ፍለጋ

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ። ዋሽንግተን

ልጅ ሆኜ ስፕሪንግ ማለት የፍራሽ ሽቦ ነበር። ሲያረጅ ጨርቁን ቀዶ ጎን የሚወጋው። በኋላ የእንግሊዝኛ መምህራችን አራቱን ወቅቶች ሰሌዳ ላይ ጻፉና ስፕሪንግን «ጸደይ» ብለው ፈቱልን። እኛ አበባ ሲባል የምናውቀው አንድ ነው። ደብተራችን ላይ አደይ አበባ ሳልን። ግራ መጋባቱ የጀመረው ያኔ ነው። አደይ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ጠጥታ መስከረም ላይ ትፈነዳለች። የፈረንጆቹ አበባ ደግሞ መጋቢት ላይ፣ በረዶው ሲቀልጥ ነው የሚወጣው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር የመስከረሙ መጸው ነው የሚባለው። ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። መምህራችን ልክ ነበሩ። የተሳሳትነው ቢጫ እርሳስ ያነሣነው እኛ ነን።

አሁን የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሐበሻ የሚበዛበት፣ ከዋሽንግተን አፍንጫ ሥር። እዚህም ስፕሪንግ ወቅት አይደለም፣ ምንጭ ነው። በ1840 ፍራንሲስ ብሌር የተባለ ሰው ሚካ በሚባል ማዕድን የሚያብለጨልጭ ምንጭ አገኘ፣ ስሙም ከዚያ ወጣ። እንግዲህ ፍራሹንም ምንጩንም አውቃለሁ። የቀረኝ ወቅቱ ነው።

ወቅቱንማ በየዓመቱ አየዋለሁ። ግን በዘፈንና በፊልም የማውቀው ሌላ ነው። በአሜሪካ ዘፈን ጸደይ ሲመጣ ሰው ፍቅር ይይዘዋል። እኔን የሚይዘኝ አለርጂ ነው። ስለዚህ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩና ዘፈኖቹና ፊልሞቹ ወደሚጠሯቸው ቦታዎች ልሄድ ተነሣሁ። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ጾም ስለሆነ ቀን የምቆጥረው በእኛ ነው። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን ሩቅ አልሄድኩም። ታይዳል ቤዚን የሚባለው ኩሬ ዙሪያ ቼሪዎቹ ፈንድተዋል። ዛፎቹ የጃፓን ስጦታ ናቸው። በ1910 ሁለት ሺህ ችግኝ ተልኮ ነበር፤ ተባይና በሽታ ተገኘበትና ተቃጠለ። ቶኪዮ አልተቀየመችም። በ1912 ሌላ 3,020 ዛፍ ላከች። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የፕሬዚዳንት ታፍት ባለቤትና የጃፓን አምባሳደር ባለቤት ተከሉ።

ዛሬ መርገጫ የለም። ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር አበባው ይረግፋል፤ የሕፃናት ጋሪ ላይ፣ የቡና ስኒ ውስጥ፣ የተኛ ውሻ ጀርባ ላይ። በየዛፉ ሥር ሙሽራ አለ። የኛ የኦርቶዶክሶቹ ሙሽራ ግን የለችም። ምክንያቱን ማንም ሐበሻ ያውቀዋል፤ ዐቢይ ጾም ነው። የኛ ሠርግ የሚጀምረው ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ አበባው ረግፎ አልቋል። ስንቷ የሲልቨር ስፕሪንግ ሙሽራ በዚህ ምክንያት ቅጠል ብቻ ተደግፋ ፎቶ ተነሥታለች!

የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ይህን ሁሉ አበባ ይዛ ዋሽንግተን እንደ ፓሪስ በሰው አፍ የሚዞር የጸደይ ዘፈን የላትም።

መጋቢት 21፣ እሑድ። ወደ ኒው ዮርክ

ከቅዳሴ በቀጥታ አውቶቡስ። ነጠላዬን አጥፌ ቦርሳ ውስጥ ከቆሎው አጠገብ ከተትኩ። ጆሮዬ ላይ «ኤፕሪል ኢን ፓሪስ»።

ይህ ዘፈን ከስሙ ጀምሮ ፓሪሳዊ ነው። የተሠራው ግን ለኒው ዮርክ መድረክ ነው፣ በ1932። ዜማው የቨርነን ዱክ፣ ግጥሙ የይፕ ሃርበርግ። ሃርበርግ ፓሪስን ሳያያት ነው የጻፈላት ይባላል። ዓመቱን ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ ሥራ የጠፋበት፣ ሰው ለዳቦ የሚሰለፍበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ይኸው ሃርበርግ ሌላ ግጥም ጻፈ፤ ባቡር ሐዲዱንና ሕንጻውን የሠራ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ሳንቲም ሲለምን። የፓሪስ አበባና የኒው ዮርክ ልመና ከአንድ ብዕር ወጡ። ዱክ ደግሞ ሁለት ዓመት ቆይቶ ለኒው ዮርክ ዜማ ሲሠራላት መጸውን ሰጣት። ጸደዩን ለፓሪስ፣ የሚረግፈውን ቅጠል ለራሱ ከተማ።

እኔ የምወደው የጃዝ ባንድ መሪው ካውንት ቤዚ በ1955 ያስቀረጸውን ነው። ባንዱ ዘፈኑን ይዘጋዋል። አለቀ ስትሉ ቤዚ «አንዴ ልድገም!» ይላል፣ እንደገና ይዘጉታል። ከዚያም ሌላ። ሠርግ ቤት ጨፋሪው አልቀመጥ ሲል ባንዱ የሚያደርገውን አስታወሰኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ለብቻዬ ስስቅ አይቶ ሻንጣውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

ኒው ዮርክ ስደርስ መንገዶቹ በነጭ አበባ ተሞልተዋል። ፒር የሚባለው ዛፍ ነው፤ ፍሬው የማይበላ ዓይነት፣ ለጌጥ የተተከለ። ከሩቅ ሙሽራ ይመስላል። ቀረብ ስትሉ ይሸታል። የዓሣ ገበያ ይሸታል። ቅርንጫፉን ጎትቼ አፍንጫዬ ድረስ አመጣሁትና ወዲያው ለቀቅኩት። ይህን የነገረኝ አንድም ዘፈን የለም።

መጋቢት 22፣ ሰኞ። ፊፍዝ አቬኑ

ጠዋት ዝናብ። ጃንጥላዬ መጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ተገለበጠ።

የመጣሁት «ኢስተር ፓሬድ» ለሚባለው ዘፈንና ፊልም ነው። የኒው ዮርክ ሰዎች በፋሲካ ቀን አዲስ ኮፍያ አድርገው ፊፍዝ አቬኑ ላይ ወጣ ገባ ማለት የቆየ ልማዳቸው ነው። ዘፈኑ የኧርቪንግ በርሊን ነው። በርሊን ከሩሲያ በልጅነቱ የተሰደደ አይሁዳዊ ነው፤ የአሜሪካን ፋሲካ በዘፈን ያስዋበው እሱ ሆነ። ዜማውን በ1917 ለሌላ ግጥም ሠርቶት አልሄደለትም። አሥራ ስድስት ዓመት አስቀምጦ በ1933 አዲስ ግጥም አለበሰው፣ ዘፈኑም አገር አዳረሰ። ያረጀ ቀሚስ ማዞር ይሏል ይሄ ነው።

ፊልሙ የወጣው በ1948 ነው። ተዋንያኑ ጁዲ ጋርላንድና ፍሬድ አስቴር። አስቴር ጡረታ ወጥቶ ነበር። ቦታው የተሰጠው ለጂን ኬሊ ነው፤ ኬሊ ቁርጭምጭሚቱን ሰበረና አስቴርን ከቤቱ ጠሩት። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ያ ሁሉ ኮፍያና አበባ የሚንሸራሸርበት ፊፍዝ አቬኑ ግን ፊፍዝ አቬኑ አይደለም። ካሊፎርኒያ፣ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው።

እውነተኛው ላይ ቆሜ ነው ይህን ያሰብኩት። ሴንት ፓትሪክ ካቴድራል ደረጃ ላይ፣ ከዝናቡ የተጠለልን ወደ ሃያ ሰዎች ነን። አንድ አዛውንት እመቤት ላስቲክ ከረጢት ጭንቅላታቸው ላይ አስረዋል። ከረጢቱ ላይ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ አለ። የዕለቱ ኮፍያ እሱ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የቺካጎውን ባቡር ያዝኩ። ሃያ ሰዓት ያህል ይሄዳል።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ። ባቡር፣ ከዚያ ቺካጎ

ሌሊት አልተኛሁም ማለት ይቻላል። የባቡሩ መክሰስ ቤት የጾም ነገር ብትሉት ድንች ጥብስና ቡና ነው። ቆሎዬን አወጣሁ። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ሴትዮ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ዘገንኩላት። ለውዙን እየመረጠች በላች። ቆሎ ውስጥ ለውዝ የሚመርጥ ሰው የትም አገር አለ ማለት ነው።

ንጋት ላይ በመስኮት የሚታየው ሁሉ ግራጫ ነው። ዋሽንግተን ላይ የረገፈው አበባ እዚህ እንቡጥ እንኳ አልሆነም። ጸደይ ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው። ወደ ሰሜን አንድ ዲግሪ በሄዱ ቁጥር አራት ቀን ይዘገያል የሚል የቆየ ስሌት አላቸው። እኔ በባቡር ወደ ኋላ እየተመለስኩ ነው።

ለዚህ ግራጫ የሚሆን ዘፈን አለኝ፤ «ኢት ማይት አዝ ዌል ቢ ስፕሪንግ»። «ጸደይ ነው ቢባልም ያው ነው» እንደማለት። በ1945 «ስቴት ፌር» ለተባለው ፊልም ሮጀርስና ሃመርስታይን የሠሩት ነው፣ ኦስካር አግኝቷል። አንዲት የአዮዋ ገበሬ ልጅ መስኮት ላይ ተቀምጣ ትዘፍናለች። ሆዷ ይባባል፣ ምን እንደፈለገች አታውቅም፣ የጸደይ ስሜት ይዟታል። ታዲያ ፊልሙ የሚተርክለት የአዮዋ ግዛት አውደ ርእይ የሚካሄደው በኦገስት ነው። ጸደይ የለም! ደራሲው ይህን ያውቃል፤ ዘፈኑ የቆመውም በዚሁ ላይ ነው። ልጅቷ ጊዜው ጸደይ አለመሆኑን እያወቀች የጸደይ በሽታ ነው የያዛት። ተዋናይቷ ጂን ክሬይን ነች፣ ድምፁ ግን የሌላ ዘፋኝ ነው። እኔ ግን አሁንም ሆዴን ያባባዋል።

ቺካጎ ነፋስ። ጓንት አልያዝኩም። ሆቴል ገብቼ ተኛሁ።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ። ውድስቶክ፣ ኢሊኖይ

የከተማ ዳርቻውን ባቡር ይዤ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሄድኩ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ጉዞውን ሁሉ ያቀድኩት ለዚህች ከተማ ነው።

«ግራውንድሆግ ዴይ»ን ያየሁት ልጅ ሆኜ፣ አዲስ አበባ ቪዲዮ ቤት፣ የሰው አግዳሚ ላይ ተጣብቄ ነው። ግራውንድሆግ ሽኮኮ የሚመስል፣ ከርሱ የሚወፍር እንስሳ ነው። ክረምቱን ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል። በፌብሩዋሪ 2፣ በእኛ ጥር 25፣ ከጉድጓዱ ያወጡታል። ጥላውን ካየ ብርዱ ስድስት ሳምንት ይቆያል፣ ካላየ ጸደይ ቀርቧል ይላሉ። ፔንሲልቫኒያ የሰፈሩ ጀርመኖች ያመጡት ልማድ ነው፤ ፐንክሱታውኒ በምትባል ከተማ ከ1887 ጀምሮ በይፋ ያከብሩታል። ኮፍያ ያደረጉ ትልልቅ ሰዎች አንድ አይጥ መሰል አንሥተው የአየር ትንበያ ይጠይቁታል። እኛ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ይህን ቀልድ መስሎን ስቀን ነበር። እውነት መሆኑን ያወቅኩት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው።

ፊልሙ ላይ ቢል መሪ የቴሌቪዥን የአየር ትንበያ አቅራቢ ነው። ኮስታራ፣ ሰው የማይወድ። በዓሉን ሊዘግብ ሄዶ ያ ቀን አላልቅ ይለዋል። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲነቃ ያው ቀን፣ ያው ራዲዮ፣ ያው በረዶ። ጸደይ የሚባል ነገር አይመጣም። በአሜሪካ ፊልም ስለ ጸደይ ካየሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው፤ ጸደይ አንድም ጊዜ ሳይታይበት።

የተቀረጸው ደግሞ ፐንክሱታውኒ አይደለም። እዚህ ነው። ዳይሬክተሩ ሃሮልድ ሬሚስ ለታሪኩ የሚመች አደባባይ ያገኘው ውድስቶክ ነው። አደባባዩ መሐል ዛፍና ትንሽ የሙዚቃ መድረክ አለ። ዙሪያው የጡብ ቤት። ጥግ ላይ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራው ኦፔራ ሃውስ፣ ባለ ግንቡ። ሁሉም ፊልሙ ላይ ካሰብኩት ያነሰ ነው። በአምስት ደቂቃ ዞርኩት።

ደስ ያለኝን ልንገራችሁ። ቀረጻው የተጀመረው በማርች 1992 ነው፣ ያለቀው ጁን ላይ። ማለትም ያ የማያልቅ ክረምት የተቀረጸው በጸደይ ነው። ሙቀቱ እየመጣባቸው ሰው ሠራሽ በረዶ እየበተኑ፣ ተዋንያኑ ካፖርት ለብሰው እያላባቸው። እንስሳው ቢል መሪን ሁለት ጊዜ ነክሶታል ይባላል። እኔም ብሆን በዚያ ሙቀት እናከስ ነበር።

ጀግናው በየጠዋቱ ከእግረኛ መንገድ ወርዶ የቀለጠ በረዶ ኩሬ ውስጥ ቀጭ የሚልበት ቦታ አለ። ከተማዋ እዚያ ጠርዝ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ተክላለች፤ ቢል መሪ እዚህ ረግጧል ይላል። ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። ፎቶ አነሣሁ። ስልኬን ኪሴ እየከተትኩ አንድ እርምጃ ወረድኩና ግራ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውኃ ውስጥ ገባ። አልዋሽም፣ እዚያው ቦታ። ከሱቅ በር ላይ ቆሞ የነበረ ሰውዬ እጁን አጨበጨበልኝ። እንደማየው ከሆነ የመጀመሪያዋ አይደለሁም።

ካልሲዬን ባቡሩ ማሞቂያ ላይ አሰጥቼ ተመለስኩ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ። ሴንት ሉዊስ

ባቡር እንደገና፣ አምስት ሰዓት ተኩል። የበቆሎ ማሳ፣ ገና ያልተዘራ። ወደ ደቡብ ስንወርድ አረንጓዴው ቀስ በቀስ ብቅ አለ። ጸደይን ከፊት ለፊት ገጠምኳት።

ከጣቢያው የወሰደኝ የኡበር ሾፌር ሐበሻ ሆኖ ተገኘ። ፈረንጅኛ ከማውራታችን በፊት መስተዋቱ ላይ የተሰቀለውን መስቀል አየሁ። ኦሊቭ መንገድና ቦይል የሚገናኙበት እንዲያደርሰኝ ነገርኩት። ሲደርስ መኪናውን አቆመና ዞር አለ።

«እህቴ፣ አድራሻው ልክ ነው? እዚህ ምንም የለም እኮ።»

ልክ ነው። ምንም የለም። አዳዲስ የጡብ ቤቶች፣ የቆሙ መኪኖች፣ አንድ ብስክሌት። ጋስላይት ስኩዌር እዚህ ነበር። በፌብሩዋሪ 1959 ሌሊት ላይ ቶርኔዶ ይህን ሰፈር መታው። 21 ሰው ሞተ። ከዚያ የኢንሹራንስ ገንዘብ መጣ፤ የተረፉት ቤቶች ታድሰው ክለብና ቡና ቤት ሆኑ፣ የጋዝ መብራት ተተከለ፣ ጃዝ ገባ። ጥቂት ዓመት ደመቀ። በስድሳዎቹ መጨረሻ ተዘጋጋ።

ከክለቦቹ አንዱ ክሪስታል ፓላስ ይባላል። ከሌላ ቦታ ወደዚህ የተዛወረ ነው፣ ባለቤቶቹ የላንድስማን ወንድማማቾች። የአንደኛው ሚስት ፍራን ግጥም ትጽፋለች፣ ቶሚ ዎልፍ ፒያኖ ይጫወታል። ሁለቱ በ1955 የሠሩት ዘፈን «ስፕሪንግ ካን ሪሊ ሃንግ ዩ አፕ ዘ ሞስት» ይባላል። በእኛ አፍ «እንደ ጸደይ የሚያንገላታ የለም» ብንለው ይቀርባል። ነገሩ የመጣው ከቲ. ኤስ. ኤሊየት ነው። ኤሊየት የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፣ በ1888 የተወለደ። በ1922 ያወጣው ረጅም ግጥም ከወራት ሁሉ ጨካኙ ኤፕሪል ነው ብሎ ይጀምራል። ፍራን ይህን አንድ የጃዝ ልጅ ባራዳ ቋንቋ ቢለው እንዴት ይለዋል ብላ አሰበችና ጻፈችው።

ለሾፌሩ አሰማሁት። ኤላ ፊትዝጀራልድ በ1961 ያስቀረጸችውን። ዘፈኑ ውስጥ ዓለም ሁሉ አብቧል፣ ጥንድ ጥንድ ሆኗል፣ እሷ ብቻ ብቻዋን ናት። ኤላ አትጮህም፣ አታለቅስም። ነገሩን እንደ ተራ ወሬ ነው የምትነግራችሁ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ትዝታ ነው» አለ። «ቅኝቱ ሌላ ነው እንጂ ትዝታ ነው።»

የመቆያውን ሒሳብ አልጨመረብኝም።

መጋቢት 26፣ ዓርብ። ሴንት ሉዊስ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እማዬ ደወለች። እዚያ አሥር ሰዓት ነው።

«ዛሬ ጸደይ ገባ፣ ሰምተሻል?»
«በልጉ እንዴት ነው?»
«ዛሬ ካፊያ ቢጤ ጣል አርጓል። አንቺ ጋስ?»

መስኮቱን ከፈትኩ። ሞቅ ያለ፣ የከበደ አየር። ሰማዩ ቢጫ መሳይ። «ደህና ነው» አልኳት። ምን ልበላት።

ኬንሲንግተን መንገድ፣ ቁጥር 5135 ሄድኩ። «ሚት ሚ ኢን ሴንት ሉዊስ» የተባለው የ1944 ፊልም የዚያ ቤት ታሪክ ነው፤ ደራሲዋ ሳሊ ቤንሰን የኖረችበት። ቤቱ በ1994 ፈርሷል። ሣር ብቻ ነው ያለው። ፊልሙም ቢሆን እዚህ አልተቀረጸም፤ ሆሊውድ ውስጥ መንገዱን እንዳለ ሠርተውታል። ፊልሙ ከ1903 በጋ ጀምሮ በየወቅቱ ይሄዳል። ዕንባ የሚያስመጣው ዘፈን ለገና ተሰጠ፤ ያኔ ታናሿ ልጅ በሌሊት ወጥታ የበረዶ ሰዎቹን ትሰባብራለች። ጸደዩ መጨረሻ ላይ ነው ያለው፣ ለጥቂት ደቂቃ። የ1904ቱ የዓለም አውደ ርእይ መብራት ይበራል፣ ፊልሙ ያልቃል።

አውደ ርእዩ የነበረው ፎረስት ፓርክ ነው። ኮረብታው ላይ ያለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከዚያን ጊዜ የተረፈ ሕንጻ ነው። ከበታቹ ሬድበድ የሚሉት ዛፍ አብቦ አገኘሁ። አንዲት ቅጠል የለውም። ሐምራዊ ሮዝ አበባው ከቅርንጫፉ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ ከግንዱ፣ ከደረቁ ቅርፊት፣ ክንድ ከሚያክለው ጉጥ ላይ ሳይቀር ፍንቅል ብሎ ወጥቷል። አንዲቱን ቀጥፌ በመዳፌ ያዝኳት፤ የባቄላ አበባ ነው የምትመስለው፣ ካንድ ምስር ብዙም አትበልጥም። ለዚህ ዛፍ ማን ዘፈነለት? ቆሜ ሳስብ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። የኔ ብቻ አይደለም፤ ፓርኩ ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ። የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ።

ሆቴሉ እንደደረስኩ ሳይረኑ ጀመረ። ሠራተኞቹ ሁላችንንም ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው ክፍል አስገቡን። ወደ አሥራ አምስት ሰው፣ ሁለት ሕፃን፣ አንድ ድመት በሳጥን። በጠባቧ መስኮት በረዶው ሲወርድ ይሰማል፤ የኛው ዓይነት፣ ቆርቆሮ የሚያንኳኳው።

አጠገቤ ቀይ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ የልብስ ቅርጫት ላይ ተቀምጠው ትንሽ ራዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል። የአየር ሁኔታውን የሚከታተሉ መስሎኝ ምን ተባለ ብዬ ጠየቅኳቸው።

ቤዝቦል ነበር።

«እየተሸነፍን ነው» አሉ። «ምንም አይደል፣ ገና ኤፕሪል ነው።»

ራዲዮውን መልሰው ጆሯቸው ላይ ለጠፉ። እኔም ቆሎ ዘገንኩላቸው።